ከባቡሩ የወረደችው ልጅ

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1993 ዓ.ም.

አንተ ጋሼ ታፈሰ፣ አዎ አንተን ነው የምልህ። ይሄን ወረቀት ቪዲዮ ቤትህ በር ላይ ቆመህ፣ በአንድ ዓይንህ ገቢ ወጪውን እያየህ እንዳታነበው። ግባና ተቀመጥ። ደጋግሜ ጽፌልህ መልስ ያጣሁ ሰው ነኝ፤ ሰላምታም ባልሰጥህ ነበር። ግን ሰላም ሳይሉ ወሬ መጀመር ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ ይኸው፦ ጤናህ እንዴት ነው፣ እትዬ ውዴ እንዴት ናት፣ ያ ወገብህስ ለቀቀህ ወይ፣ ቤታችሁን መድኃኔዓለም ይጠብቅላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። የጅቡቲ ሙቀት ካልጨረሰኝ ሌላ የሚጨርሰኝ የለም።

ልጄስ?

እስቲ ስለ መስከረም አንድ ነገር ጻፍልኝ። ቁመቷ የት ደረሰ፣ ጥርሷ ወለቀ ወይ፣ ምን ሲሏት ትስቃለች። እኔና አንተ አያቶቻችን እህትማማች ስለነበሩ ነው ዘመድ የምንባለው፤ ለቅሶ ላይ ካልተገናኘን እንረሳሳለን። ቢሆንም ገና ዳዴ የምትል ልጄን ትቼ ባቡር የተሳፈርኩት ካንተና ከእትዬ ውዴ የተሻለ እጅ የለም ብዬ ነው። ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ እኔን የምታውቀኝ በፎቶ ነው።

አሁን ጉዳዬን ስማ። ከትናንት በስቲያ የፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ነበር። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ በምሠራበት ቤት፣ ማዳም በዚያ ማታ ማቀዝቀዣውን እስከ ጥጉ ትከፍተዋለች። ለምን ብትል ቤቱ እንዲበርድ። ለምን ይበርዳል ብትል ሹራብ እንዲለብሱ። ወላሂ አልዋሸሁህም። ውጪ ዘበኛው በላብ እየታጠበ፣ እነሱ ሱፍ ለብሰው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ከአያቶቻቸው ጀምሮ ሲታይ የኖረ አንድ ያረጀ የገና ፊልም ያያሉ። በየዓመቱ ያንኑ። ቀልዱ ሳይመጣ ይስቃሉ። እኔ ትሪ ይዤ ከሳሎን ወደ ኩሽና ስመላለስ አንዴ በረዶ አንዴ እሳት። ጅቡቲ ውስጥ ብርድ መታኝ ብል ማን ያምነኛል።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንድ ሀብታም ቤተሰብ ገና ሊያከብር ተሰብስቦ እርስ በርሱ ይናከሳል። ጀርሜን የምትባል ሠራተኛ አለቻቸው፣ ወፍራም፣ ሁሌ የምትሮጥ። የተጠበሰውን ዝይ እንዲቀዘቅዝ ብላ በረንዳ ታወጣዋለች፣ በሩ ከኋላዋ ይዘጋባታል። ውጪ በረዶ ነው። መስታወቱን ትደበድባለች። ውስጥ ያሉት የገና ዘማሪዎች መጡብን ብለው ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋሉ። በዝዩ እግር ትደበድባለች። በረዶው እላይዋ ላይ ይቆለላል፣ በኋላ የቤቱ ልጆች ሲወጡ በበረዶ የተሠራ ሰው መስላቸው አፍንጫዋ ላይ ካሮት ይሰኩባታል።

እዚች ጋ ሲደርስ ነው የኔ ቤት ልጆች የሚጠሩኝ። «አበሩ፣ ነይ፣ ያንቺ ቦታ ደረሰ።» ሄጄ እቆማለሁ። እሷን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ዘንድሮ ትንሹ ከኩሽና ካሮት ይዞ መጣ። አዎ፣ አፍንጫዬ ላይ። አባትየው በቃ አለው፣ ግን እየሳቀ ነው ያለው። እኔም ሳቅኩ። ካልሳቅኩ ቦዬሷ አኮረፈች ይባላል፤ እዚህ የቤት ሠራተኛን ቦዬስ ነው የሚሏት። ይሄን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። አብራኝ ለምትበላው ለነጃት እንኳ አልነገርኳትም። ለአንድ ሰው ካልተነፈስኩት ሆዴ ውስጥ ይገማል ብዬ ነው።

ፊልሙ ግን እዚያ ላይ አያልቅም። ጀርሜን ገጠር ዘመድ ጋ የተወቻት ልጅ አለቻት። መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ ያፍርና ልጅቷን ያስመጣላታል። ልጅቷ የካርቶን ሻንጣ ይዛ ከባቡር ትወርዳለች፣ ጀርሜን ሽርጧን ሳትፈታ በበረዶው ላይ ትሮጣለች፣ ተቃቅፈው ይወድቃሉ። የኔ ቤት ልጆች እዚህ ጋ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ለእነሱ አልቋል። እኔ ሳህን የምሰበስብ መስዬ እስከ መጨረሻው አያለሁ። ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ ይሄ ፊልም ነው፣ ጀርሜን ለልጇ የምትላትን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ማዳም ዘንድሮ አዲስ ቅጂ ስላገኘች አሮጌውን ካሴት በአበባ ወረቀት ጠቅልላ የገና ስጦታ ብላ ሰጠችኝ። ማጫወቻ እንደሌለኝ ታውቃለች። ግድ የለም፣ አንተ አለህ። ይኸው ዕቃ ይዛ ድሬ በምትመላለሰው በነጃት ልኬዋለሁ። የኛ ገና ዕለት፣ ቤት ውስጥ፣ ለመስከረም ብቻ አሳያት። የቪዲዮ ቤትህን አዳራሽ አላልኩህም። አጠገቧ ተቀመጥና ቀስ ብለህ አስተርጉምላት። ልጅ ሆነህ ለገሃር ከባቡር ነጂዎቹ የለቀምካት ፈረንሳይኛ ትበቃሃለች፤ እንዳትሳሳት ደግሞ የመጨረሻውን ንግግር ከዚህ ወረቀት ጀርባ በአማርኛ ገልብጬልሃለሁ። ባቡሩ ጋ ስትደርስ፣ እናትሽ እንዲህ ልታደርግ ነው በላት። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ነጃት መጥታ ትወስዳታለች። ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ከነጃት ጋር አንድ ክፍል ይዘናል፣ ማዳምም ውጪ እንዳድር ፈቅዳለች።

ልጄን ላመጣት ነው ጋሼ። መልስ ጻፍ።

አበሩ

ድሬዳዋ፣ የካቲት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህታችን ለወይዘሮ አበሩ፣ ባሕሩን በዳርቻው የወሰነ አምላክ አንቺንም ከባሕሩ ዳር በጤና ያኑርሽ፣ የጠላትሽን ዓይን ያጨልም፣ የወጣሽበትን ዓላማ ያሳካ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ወገቤ እንዳለ ነው። ውዴ ሰላም ብላሻለች።

አቦ አበሩ፣ አንቺ ደግሞ ቁጣ ትወጃለሽ። እንዴት ልጻፍ? ገና አለፈ ስል ጥምቀት መጣ፣ ጥምቀት አለፈ ስል ጄኔሬተሩ ተቃጠለ፣ ጄኔሬተሩ ተሠራ ስል ጾም ገባና ሰው ፊልም ማየት ቀነሰ። በጾም ደግሞ እኔ ብዕር ለመያዝ አቅም የለኝም።

ካሴቱ ደርሷል። እንዳልሽው ላደርግ ነበር ሐሳቤ። ግን ቤት ያለው ቴሌቪዥን በዕለቱ እምቢ አለ፣ አዳራሽ ወስጄ አሳየኋት። አዳራሽ ከተከፈተ ሰው ይመጣል። ዓውደ ዓመት ነው፣ በሩን ልዝጋባቸው? የሕንድ ፊልም የሰለቸው ሁሉ ገባ። አስተረጎምኩላቸው። አንቺ ሙያዬን ታውቂዋለሽ፣ እኔ ቃል በቃል የምተረጉም ሰው አይደለሁም፤ ፊልሙ የጎደለውን ነው የምሞላለት። ሰው ሳቀ ነው የምልሽ? አግዳሚ ወንበር ተሰበረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ስላንቺ ነው የሚያወራው፣ ሰላም በልልኝ ያላለኝ ሰው የለም።

መስከረም ደህና ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። አዳራሹ በር ላይ ኦቾሎኒ እየሸጠች ውዴን ታግዛለች፣ ደስ ብሏት ነው። ሰሞኑን ዝምታ አብዝታለች፣ የዕድሜ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አዳራሹ ሲሞላ ድምፄ ወደ ኋላ አይደርስም። እዚያ ማይክሮፎን ከነማጉያው እንደ ሽንኩርት ነው የሚሸጠው ይላሉ። ለልጅቷም እኮ ጥሩ ነው፣ እናቷ የላከችው ዕቃ ሲናገር ትሰማለች።

አክባሪ ወንድምሽ ታፈሰ

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

ጋሼ ታፈሰ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። የጾመ ሁሉ ይፈስክ፤ አንተ ግን በጾሙም አፍህ ያረፈ አይመስለኝም።

ማይክሮፎኑን ይኸው። ማጉያውን ነጃት ጉምሩክ እንዳያይባት እንደ ሕፃን በአንቀልባ አዝላ ነው የምትሻገረው። ፖሊሱ ልጁን አሳይኝ ካለ ተኝቷል ልትለው ነው። ይሄ ሁሉ ላንተ ጉሮሮ።

ቴሌቪዥኑ እምቢ አለ ያልከውን አላመንኩህም፣ ቢሆንም ውጬዋለሁ። ያልዋጥኩት ሌላ ነው። ሰፈሩ ስላንቺ ነው የሚያወራው ትለኛለህ። ፊልሙ እኮ ስለ ጀርሜን ነው። እኔ ምን አስገባኝ? ማን አስገባኝ? ምን እያሉ ነው የሚያወሩት? ይሄን በደንብ አድርገህ ጻፍልኝ።

ለፋሲካ ጎረቤታችሁ ስልክ ላይ ደወልኩ። ካርዱ ሊያልቅ ሲል እትዬ ውዴ መጥታ «አልመጣም አለች» አለችኝ። አንድ ፍሬ ልጅ እናቷን በስልክ አላናግርም የምትለው ምን ሆና ነው? አፍራ ነው አለችኝ። ከእትዬ ውዴ ኋላ ሰዎች ይስቁ ነበር። አበሩ ናት የደወለችው ሲሏቸው የባሰ ሳቁ። ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት።

አልጋ ገዝቼላታለሁ፣ ከነአጎበሩ። አልጋውን ተሸክሞ የመጣው ሰውዬ ለማን ነው አለኝ፣ ለልጄ አልኩት። እዚህ አገር ጮክ ብዬ ልጄ ስል የመጀመሪያዬ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ነጃት እናንተ ቤት ትሆናለች። ልብሷን እጠቡልኝ፣ የትምህርት ቤት ወረቀቷን ያዙልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አበሩ

ድሬዳዋ፣ መስከረም 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ እህታችን አበሩ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። አዲሱ ዓመት የጤና፣ የሀብት፣ የትዕግሥት ይሁንልሽ። ትዕግሥት ያልኩት አውቄ ነው።

ነጃት ያየችውን ነግራሻለች፣ ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ እኔ ምን ልጽፍልሽ? ልጅቷ ጅቡቲ ስትባል አዳራሹ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ጀርባ ገብታ አልወጣም አለች። ነጃት እጇን ይዛ ልታወጣት ስትል ነከሰቻት። ጠባሳውን አይተሽዋል። ልጅ ጆንያ አይደለም፣ በግድ ባቡር ላይ አይጫንም። እኔን አባባ ነው የምትለኝ፣ ውዴን እማዬ። ማን አስተማራት እንዳትይኝ፣ ማንም አላስተማራትም፣ አብሮ የዋለ ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው። ትንሽ ትደግ፣ ልብ ትግዛ፣ ያኔ ራሷ ትጠይቅሽ ይሆናል። እስከዚያ እዚሁ ብትቀመጥ ለሁላችንም ይሻላል።

ማይክሮፎኑ ግን ጌታ ይስጥሽ። ድምፄ ገበያው ድረስ ይሰማል። ያንን ፊልም በሰው ጥያቄ ለፋሲካ ደገምኩት፣ ለአዲስ ዓመት ሠለስኩት። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ያንኑ ቀልድ ለመስማት ሲመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ? አሁን የቀረኝ ቴሌቪዥኑ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ከኋላ ያሉት ምስሉ አይታያቸውም። ትልቅ ያገለገለ ካገኘሽ እዚያው አስቢልኝ።

ልጅቷ እንድትጽፍልሽ አድርጌያለሁ። እጄን አላስገባሁበትም፣ ራሷ ነው የጻፈችው። እሷው ያጠፈችውን እንዳለ ነው የላክሁልሽ።

አክባሪሽ ታፈሰ

ይድረስ ለአበሩ። እንዴት ነሽ እኔ ደህና ነኝ። ሁለተኛ ክፍል ልገባ ነው። እህቴ ስሟ ማነው። እሷም ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ፀጉሯን ማን ይሠራታል አንቺ ነሽ። መስከረም

ጅቡቲ፣ መስከረም 22 ቀን 1994 ዓ.ም.

ጋሼ ታፈሰ፣ ሰላምታው ይቆየን።

እህቷ ማነች?

ከመስከረም በፊትም ከመስከረም በኋላም አልወለድኩም። ይሄን ለልጄ ማን ነው የነገራት? የመንደር ወሬኛ ከሆነ ስሙን። ትምህርት ቤት ከሆነ የመምህሩን ስም። ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ወገብህ፣ ስለ ዓመት በዓል አንድ ቃል እንዳትጽፍልኝ። የምጠብቀው አንድ ስም ነው።

አበሩ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእህታችን አበሩ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ሰላምታ ይቆይ ብትይም እኔ ክርስቲያን ነኝ።

አቦ የልጅ ነገር ለምን ታካብጃለሽ? ልጆች ናቸው፣ ሲጫወቱ እናት አለኝ፣ እህት አለኝ ይላሉ። አንዷ ጓደኛዋ እህት ሲወለድላት አይታ ቀንታ ይሆናል። ስም ስጠኝ ትያለሽ፣ ማንን ልስጥሽ? ሰው አውርቶ ይሆናል፣ የሰው አፍ እኔ አልጠብቅ። አንቺ ደግሞ ከሄድሽ ስንት ዓመትሽ፤ እዚያ የምትሠሪውን እኛ በምን እናውቃለን? ሰው ቢጠረጥር ይፈረድበታል?

እውነቱን ንገረኝ ካልሽ፣ ልጅቷ ከዚህ ቤት ብትወጣ ውዴ አንድ ቀን አታድርም። ልጅ ፍለጋ ስንት ጠበል እንደዞርን ታውቂያለሽ። ቤታችን ውስጥ የሚሮጥ ነገር የገባው በእሷ ነው። ነጃት የመጣች ቀን ውዴ ውሃ እንኳ አልጠጣችም። አንቺ አልጋ ገዛሁ ትያለሽ፣ እኛ እዚህ ልጅ አሳድገናል።

ዘንድሮ ለገና ሁለት ቀን ነው የማሳየው። ከሳቢያን ሰፈር ሳይቀር ሰው ይመጣል። የእድሩ ሰዎች ከእድሩ ዳኛ ከጋሽ ወልደየሱስ ጋር የፊት አግዳሚ አስይዘዋል። ቴሌቪዥኑ እስከዚያ ቢደርስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ካልሆነም ግድ የለም።

ታፈሰ

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1994 ዓ.ም.

ታፈሰ።

ጋሼ የሚለውን ረስቼው አይደለም የተውኩት። ሰላምታ የለህም። ይሄን ደብዳቤ ሁለት አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ አንዱ ያንተ ነው፣ ሁለተኛው ይሄ አንተ ጋ ሲደርስ ጋሽ ወልደየሱስ እጅ ገብቷል። ስለዚህ ቀድደህ አትድከም።

ባለፈው ዓርብ ዕረፍቴ ነበር። ካርቲየ 7 ቢስ ክፍላችን ስገባ ነጃት ሦስት ልጆች አስቀምጣ ምሳ ታበላለች። የመን የሚሻገሩ ናቸው፣ ጀልባ ወደሚሳፈሩበት ወደ ኦቦክ የሚወስዳቸውን መኪና የሚጠብቁ። አንዱ ባንቲሁን ይባላል፣ የገንደ ቆሬ ልጅ፣ የናንተው ሰፈር። ነጃት ስሜን ጠርታ ወጥ ጨምሪላቸው ስትለኝ እጁን ከሰሃኑ አነሳ።

«አበሩ? የጋሽ ታፈሰ አበሩ? አበሩ በረዶ?»

ሳቁን መያዝ አቃተው። ታፈሰ፣ ይሄ ልጅ ነገ ባሕር ይብላው አሸዋ ይብላው የማያውቅ ልጅ ነው፣ እኔን አይቶ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምንድነው አበሩ በረዶ አልኩት። ቀልድ ነው አለኝ፣ ፊልም ነው፣ ድሬ ሁሉ ያውቀዋል አለኝ። አሳየኝ አልኩት። አፈረ። ከፊቱ እንጀራውን አነሳሁበት። ክፉ ሴት በለኝ፣ ሰሃኑን ጀርባዬ ላይ ደብቄ፣ አንድም ሳታስቀር ካልነገርከኝ አትበላም አልኩት። ነጃት ተይው ልጁን አለችኝ። አልተውኩትም።

ተነስቶ እንዳንተ ማስተርጎም ጀመረ። ድምፅህን ያውቅበታል፣ ያቺን ማይክ ነፋ ነፋ የምታደርጋትን እንኳ አልረሳም። ጀርሜን ብቅ ስትል «ይቺ አበሩ ናት፣ ከዚሁ ከኛ ሰፈር ፈረንጅ ልትሆን የሄደችው» ትላለህ። በሩ ሲዘጋባት «አበሩ፣ ማዳም ፍሪጅ ውስጥ እደሪ ብላሻለች» ትላለህ። መስታወቱን ስትደበድብ «እናንተዬ ክፈቱልኝ፣ ድሬ ሁሉ ደላት እያለኝ ነው» ትላለህ፣ በሴት ድምፅ፣ በኔ ድምፅ። ካሮቱ ጋ ደግሞ እንዲህ ብለህ ጨመርክ፦ ይሄ ውሸት እንዳይመስላችሁ፣ ራሷ ናት የጻፈችልኝ፣ ደብዳቤዋ ኪሴ ውስጥ ነው። ኪስህንም እየመታህ ታሳያቸዋለህ አለኝ።

ላንተ ብቻ ያልኩህን።

ይሄን ሁሉ ሰምቼ ቆሜ ነበር። ካሮት የለመደ አፍንጫ ነው ያለኝ። እኔ ላይ መሳቅ ከፈለግክ ወረፋህን ጠብቅ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ላይ የቀደሙህ አሉ፤ እነሱ ግን ቢያንስ ዘመዴ ናት አይሉም። ከዚያ ባንቲሁን አልቋል ብሎ እጁን ወደ ሰሃኑ ዘረጋ። ባቡሩስ አልኩት። ልጅቷስ? እሷ ጋ ምን ይላል?

ልጁ ነጃትን አየ። ነጃት ጠባሳዋን አየች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

«ይቺ ደግሞ ጅቡቲ የወለደቻት ናት ይላል። ነጭ ናት እዩዋት ይላል። የኛዋን ጥላ የምትሮጠው ለዚች ነው ይላል።»

ሰዉስ ብዬ ጠየቅኩት። ሰዉ ዞሮ ኦቾሎኒ የምትሸጠውን ልጅ ያያል አለኝ። መስኪ፣ ያቻት እህትሽ መጣች እያሉ ይጮኹባታል አለኝ። እሷስ? የመጀመሪያው ቀን ቆማ አየች፣ አለኝ። አባባ እውነት ነው ወይ ብላ ከሁሉም ፊት ጠየቀችህ። አንተም ጮክ ብለህ እውነት ነው አልካት፣ ሰዉም በጭብጨባ ቤቱን አናወጠው። አሁን ባቡሩ ሲመጣ ኦቾሎኒዋን ይዛ ትወጣለች፣ ሲያልቅ ትመለሳለች አለኝ።

እንጀራውን መለስኩለት። አልበላም። በማግስቱ መኪናው መጥቶ ወሰዳቸው።

እንግዲህ የፈለግኩት ስም ተገኘ ታፈሰ። ሁለት ወር ሙሉ የሰው አፍ አልጠብቅም ስትለኝ የከረምከው ያንተኑ አፍ ኖሯል። የመጨረሻውን ንግግር በአማርኛ ጽፌ ሰጥቼሃለሁ፣ አልገባኝም እንዳትል። ቀልድ ነው እንዳትለኝ ደግሞ። ሰው ለመቀለድ በረዶው ይበቃህ ነበር፣ ወንበሩ የተሰበረው በበረዶው ነው። ባቡሩን የነካኸው ልጄን ላመጣት ነው ስላልኩህ ነው። እትዬ ውዴ ባዶ ቤት እንዳታድር የኔን ቤት ባዶ አደረግከው። ስለ ጠበሉ ስሰማ አዝኜላት ነበር፤ አሁን አላዝንም። ስልኩ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ እሷም ታውቅ ነበር።

ትናንት ማታ ደግሞ ዋዜማው ነበር። ማቀዝቀዣው ተከፈተ፣ ሹራቡ ተለበሰ፣ ጠሩኝ፣ ሄጄ ቆምኩላቸው። እንደ ልማዴ ሳህን እየሰበሰብኩ ባቡሩን ጠበቅኩ። ልጅቷ ስትወርድ የኔ አፍ ምን አለ መሰለህ? ነጭ ናት እዩዋት አለ። በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ፣ ሳሎኑ መሃል። ማዳም ምን አልሽ አለችኝ፣ ምንም አልኳት። ይቺን አንዲት ነገር ነበር ከዚያ ቤት የምወስደው፣ እሷንም አበላሸህብኝ።

መጥተሽ ራስሽ ንገሪያት ትለኝ ይሆናል። እኔ ብነግራት ምን ትላለች? እናት ናት፣ ታስተባብላለች ትላለች። ልጄ ያመነችው የኔን አፍ አይደለም፣ ያንተን ነው። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ የገባባትን እኔ ጆሮዋ ላይ ሹክ ብዬ አላወጣውም። ብቻዋን ጠርተህ፣ ራሷን ዳብሰህ፣ ቀልዴን ነው ብትላትም አይሆንም። እሷ ስትዋረድ ያየ ሰው ሁሉ ባለበት ነው መሆን ያለበት።

ስለዚህ ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ፣ አላነበውም። በገና ዕለት አዳራሹ ሲሞላ ነጃት መስከረምን ይዛ ፊት ትቀመጣለች፣ ከጋሽ ወልደየሱስ አጠገብ። ያን ቀን ኦቾሎኒ አትሸጥም። አልናገርም ካልክ ጋሽ ወልደየሱስ ይሄን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ለሕዝቡ ያነበዋል፣ በስልክ ቃል ገብቶልኛል። የምትመርጠው እሱን ብቻ ነው፤ ባንተ አፍ ወይ በኔ።

ካሴቱን ባቡሩ ላይ አቁመው። መብራቱን አብራ። ፊትህን ወደ ሕዝቡ አዙርና፣ ልጄ እየሰማችህ፣ ስሟን ጠርተህ መልስ፦ አበሩ የወለደችው ስንት ነው?